አልጋው በማን እጅ ነው? ሆቴልን በአገናኝ ድረ ገጽ ወይስ በቀጥታ ስለ ማስያዝ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ አንድ የጥንት አልጋ ማስያዣ ያውቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ መንገደኛው ከደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ይለዋል። በመካከላቸው ሦስተኛ ሰው የለም፤ ክፍያም የለም። ውሉ ግን የላላ አልነበረም። እንግዳ ያስገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ ስለ እንግዳው ደኅንነት ይጠየቃል፤ እንግዳውም የገባበትን ቤት ደንብ ያከብራል። እያንዳንዱ ወገን ተጠያቂውን ፊት ለፊት ያየዋል።

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከዚህ ደጃፍ የራቀ ይመስላል። ሆቴል ስንይዝ በአገናኝ ድረ ገጽ በኩል መሄድ ይሻላል ወይስ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ? ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ የዋጋ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ይቀርባል። እኔ ግን ዋጋው ሁለተኛ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ እንግዳው ደርሶ አልጋው ቢጠፋ የሚጠየቀው ማን ነው የሚለው ነው።

በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዐውደ ጥናት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ በአንድ ድረ ገጽ በኩል ክፍል አስያዝሁ። ሒሳቡን ውጭ አገር የሚኖር ወዳጄ በካርዱ ከፈለልኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሆቴሉ ደረስሁ። እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ስሜን በመዝገቡ ፈለገ፤ አላገኘውም። በስልኬ ያለውን ማረጋገጫ አሳየሁት። በትሕትና አንብቦ «ጋሼ፣ የከፈሉት ለእኛ አይደለም፤ የሸጠልዎትን ይጠይቁ» አለኝ። ወደ ድረ ገጹ ስደውል ደግሞ «ሆቴሉን ይጠይቁ» አሉኝ። ቆይቼ እንደ ተረዳሁት ሁለቱም አልዋሹም። ያን ሌሊት ዘመድ ቤት አደርሁ። ገንዘቡ የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት የንግዱን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ቡኪንግ ዶት ኮም በሆላንድ፣ ኤክስፔዲያ በአሜሪካ በማይክሮሶፍት ኩባንያ ውስጥ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመሩ ናቸው። በዚህ ንግድ ውስጥ ሁለት ዋና ዋና አሠራሮች አሉ። በመጀመሪያው እንግዳው የሚከፍለው ለሆቴሉ ነው፤ ድረ ገጹ ቆይቶ የኮሚሽን ሒሳብ ለሆቴሉ ይልካል። በሁለተኛው እንግዳው ለድረ ገጹ ይከፍላል፤ ድረ ገጹ የራሱን ድርሻ አስቀርቶ የቀረውን ለሆቴሉ ያስተላልፋል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ አንዳንዴ ክፍሉን በጅምላ የገዛ ለሌላ ይሸጠዋል፤ ያም ለሌላ ያሳልፈዋል። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር የእንግዳው ስም በአንዱ ቀለበት ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። የእኔም ስም የቀረው እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ኮሚሽኑ እንደ አገሩና እንደ ውሉ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ በ15 ከመቶ አካባቢ ይዞራል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበትም አለ። ለምሳሌ ያህል አንድ ክፍል 2,000 ብር ነው እንበል። በድረ ገጹ በኩል ከተሸጠ 300 ብር ለአገናኙ ይሄዳል፤ ለሆቴሉ 1,700 ብር ይቀራል። ሆቴሉ በቀጥታ ለደወለ እንግዳ 200 ብር ቢቀንስለት እንግዳው 1,800 ብር ይከፍላል፤ ሆቴሉም ከድረ ገጹ ይልቅ 100 ብር ያተርፋል። ሁለቱም ተጠቅመዋል። እንግዲህ የመደራደሪያው ቦታ በ1,700 እና በ2,000 መካከል ያለው 300 ብር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአገራችን አንዳንድ ሆቴሎች የሚጠሩት ዋጋ 10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያንና 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም። 2,000 ብር የተባለው ክፍል የአገልግሎት ክፍያው ሲታከል 2,200፣ በዚያ ላይ ታክሱ ሲሰላ 2,530 ብር ይሆናል። ስለዚህ የድረ ገጽን ዋጋና የስልክን ዋጋ ከማወዳደር በፊት «ሁሉን ጨምሮ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሆቴሎች ለቀጥታ እንግዳ ዋጋ መቀነስ ከቻሉ ሁሉም ለምን አያደርጉትም? ትላልቆቹ ድረ ገጾች ለረጅም ጊዜ በውላቸው ውስጥ «ከእኛ ባነሰ ዋጋ በራስህ ገጽ አትሽጥ» የሚል ግዴታ ያስገቡ ነበር። የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን ይህን ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2015 በቡኪንግ ዶት ኮም ላይ ከለከለ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤትም በ2021 አጸናው። ፈረንሳይም በዚያው በ2015 በሕግ አነሣችው። በአውሮፓ ከባድ ክርክር የተነሣው በዚህች በመካከል ባለች ትንሽ ህዳግ ነው። የእኛም ሆቴሎች ውል ሲፈርሙ ይህን አንቀጽ ፈልገው ማንበብ አለባቸው።

ለአገናኙም ፍርድ እንስጥ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ክሪስ አንደርሰን በጥቂት ሆቴሎች ላይ ባደረገው ጥናት ሆቴሎቹ በኤክስፔዲያ ላይ ሲታዩ በራሳቸው በኩል የሚመጣው ምዝገባ ከ7.5 እስከ 26 ከመቶ ጨምሮ አገኘ። ሰዎች በድረ ገጹ ካዩ በኋላ ዞረው ወደ ሆቴሉ ይሄዳሉ ማለት ነው። ድረ ገጹ እንደ ገበያ መካከል ሰሌዳ ያገለግላል። ማንም የማያውቀው ሆቴል ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ይህ ሁሉ ከእኛ አካባቢ ጋር ምን ያገናኘዋል? ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አድርጎ በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰውን፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለውን አስቡ። ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ ጎብኚ ጉናን እያየ በላይ ጋይንት ያልፋል። ላሊበላ ያለውን ክፍል ገና ከአገሩ ሳይወጣ በድረ ገጽ አስይዞታል፤ ንፋስ መውጫ ላይ ግን ምሳ በልቶ ይቀጥላል። በካርታው ላይ ያላየው አልጋ ለእርሱ የለም። ከዋናው መንገድ ገባ ያሉት የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ የተሰወሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ከተሞች አልጋ የሚይዘው ማን ነው? የሴፍቲኔት ሥራ ለመከታተል የመጣ ባለሙያ፣ ኦዲተር፣ የፈተና ኃላፊ፣ ጠበቃ፣ የእህል ነጋዴ፣ ለሠርግ ወይም ለተዝካር ከአዲስ አበባ የመጣ የአገር ልጅ ነው። ይህ እንግዳ የሚይዘው በስልክ ነው። «እትዬ፣ ለነገ ማታ አንድ አልጋ ይያዙልኝ» ይላል። «ስንት ሰዓት ትደርሳለህ ልጄ? መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ሳይመሽ ድረስ» ይሉታል። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ድረ ገጹ የማይነግረው ብዙ ነገር አለ፤ ውኃ አለ ወይ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ መኪና የሚያድርበት ግቢ አለ ወይ። በአበል የሚንቀሳቀስ ሠራተኛ ደግሞ ሲመለስ ሒሳብ ማወራረድ አለበት። መሥሪያ ቤቱ የሚቀበለው ሆቴሉ የቆረጠውን ሕጋዊ ደረሰኝ ነው። ለውጭ ድረ ገጽ የተከፈለ ገንዘብ በዚህ በኩል ራስ ምታት ነው።

ሦስተኛ ወገን በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ጎብኚዎችን የሚያመጣ ሹፌርና አስጎብኚ በሆቴሉ በነጻ ይበላል፣ በነጻ ያድራል፤ ኮሚሽንም የሚቀበል አለ። ነገር ግን ሹፌሩ እንግዶቹን መጥፎ ቤት ካስገባ ማግሥቱን ፊታቸውን ማየት አለበት። ልዩነቱ ይህ ነው።

ይህን ልዩነት በራሳችን ቋንቋ ልግለጠው፤ ደላላና ዋስ አንድ አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው አድርጎ ተርጉሞት ነበር። ካገናኘ በኋላ በውሉ ውስጥ የለበትም። በከብት ገበያ ግን የማናውቀው ሰው በሬ ሲሸጥልን በደላላ ብቻ አንረካም፤ «ዋስ ጥራ» እንለዋለን። ዋሱ በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው ነው። አገናኝ ድረ ገጾች ሰሌዳቸው እንደ ዋስ ያናግራል፤ «ተረጋግጧል» ይላል። ረጅሙ የውል ጽሑፋቸው ግን ብዙውን ጊዜ «እኛ አገናኝ ነን፤ አገልግሎቱን የሚሰጠው ሆቴሉ ነው» ይላል። እንግዳው ለዋስ የሚገባውን እምነት ለደላላ ሰጥቶ ይገኛል። በአንጻሩ በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2653 ጀምሮ ስለ ሆቴል ውል ይደነግጋል፤ እንግዳው ይዞት ስለ ገባው ዕቃ ባለ ሆቴሉ ያለበትንም ኃላፊነት ይናገራል። ባለ ሆቴሉ በሕግም በባህልም ተጠያቂ ነው።

የእስቴ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቃል። በዓባይ ላይ በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው፣ ወደ ሞጣ የሚያሻግረው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ሰዎች ለብዙ ዓመታት በገመድ ታስረው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሳቡ ነበር። ገመድ ሳቢው ሦስተኛ ወገን ነው። ይሁን እንጂ ተሻጋሪው ማዶ እግሩ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ገመዱን አይለቅም። ከአገናኝ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ኮሚሽኑን ተቀብሎ ገመዱን በመካከል የሚለቅ አገናኝ ውድ ነው፤ ዋጋው 50 ብር ቢረክስም ውድ ነው።

ገመዱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን በቅርቡ አይተናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እስቲ በዚያ ወቅት የነበረ አንድ ሆቴል አስቡ። በድረ ገጹ ላይ ክፍሎቹ ክፍት ሆነው ይታያሉ፤ ውጭ ያለ ሰው ሊያስይዛቸው ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ምዝገባውን የሚያይበት መንገድ የለውም። ስልክ በሚሠራበት ቦታ ግን «እትዬ፣ አልጋ ይያዙልኝ» የሚለው ቃል ይደርሳል። ክፍያም እንደዚሁ ነው። በብር የሚሠራ ሆቴል ለውጭ ድረ ገጽ ኮሚሽን ለመክፈል የውጭ ምንዛሪ ያሻዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዛሬ የተዋዋለውን በሚቀጥለው ወር በስንት ብር እንደሚከፍለው አያውቅም። በቴሌብር ቀብድ ተቀብሎ አልጋ የሚይዝ ሆቴል ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ለመንገደኛው የምለው አጭር ነው። በድረ ገጽ ፈልግ፤ ፎቶውን እይ፤ ከዚያም ወደ ሆቴሉ ደውል። ሁሉን ጨምሮ ስንት እንደሆነ ጠይቅ፤ ያነጋገረህን ሰው ስም ያዝ፤ ቀብድ ከላክህ ማረጋገጫውን በጽሑፍ ተቀበል። የማታውቀው ከተማ ከሆነ፣ ቋንቋውን ካልቻልህ፣ ወይም ዕቅድህ ሊሰረዝ የሚችል ከሆነና ድረ ገጹ ያለ ቅጣት መሰረዝን ከፈቀደ፣ በድረ ገጹ መያዝ ብልኅነት ነው። እንዲያም ሆኖ ከመነሣትህ በፊት ወደ ሆቴሉ ደውለህ ስምህ በመዝገቡ መኖሩን አረጋግጥ።

ለባለ ሆቴሎቻችን ደግሞ፦ ከሰሌዳው አትጥፉ። የሆቴሉን ስምና ስልክ በጎግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ ኮሚሽን አይጠይቅም። ለአገናኝ ድረ ገጽ ጥቂት ክፍሎችን ስጡ፤ ሁሉን አትስጡ። በድረ ገጽ የመጣው እንግዳ ሲሰናበት ስልካችሁን ይዞ ይሂድ፤ ሁለተኛ ሲመጣ ለእናንተው ይደውል። የመጀመሪያውን ጉብኝት ኮሚሽን እንደ ማስታወቂያ ወጪ ቁጠሩት፤ ሁለተኛውን ግን መክፈል የለባችሁም። ይህ የሚሠራው ግን ስልኩ ሲጠራ የሚያነሣ ሰው ካለ፣ «ይዤልሃለሁ» የተባለው አልጋም ዘግይቶ ለመጣ ሌላ ሰው ካልተሰጠ ነው። እውነቱን ለመናገር በቀጥታ ያስያዝነው አልጋ ተሸጦ የጠበቀን ጊዜ አለ። ቀጥታ መሆን ብቻውን ታማኝነት አይደለም፤ ቃልን መጠበቅ ነው ታማኝነት።

ለተማሪዎችም አንድ የቤት ሥራ አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ያሉ ሆቴሎችን የእንግዳ መዝገብ በባለቤቶቹ ፈቃድ ተመልከቱ። ስንቱ በስልክ፣ ስንቱ በሹፌር፣ ስንቱ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ስንቱ በድረ ገጽ መጣ? ስንቱስ ተመልሶ መጣ? ከሌላ አገር የተዋስነው ቁጥር የጀርመንን ወይም የአሜሪካን ሆቴል ይነግረናል። የእኛን የሚነግረን በባለቤቷ ጠረጴዛ ላይ ያለው ያ ጠርዙ የተልፈሰፈሰ መዝገብ ነው።