የሃምሳ ዓመቱ ባለጎራዴ

(በተማሪዎች ኅብረት ምሽት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርለት የቆምነው ሰው አላዳር ጌሬቪች የሚባል የሀንጋሪ ጎራዴ ተጫዋች ነው። ነገሩን ያነሣብን ግን የራሳችን ጠብ መሆኑን አንሸሽግም። በጠረጴዛ ቴኒስ ክበባችን አዲስ ገቢዎቹ «አራተኛ ዓመቶች ጊዜያችሁ አልፏልና ቦታ ልቀቁ» ሲሉ፣ እኛ ደግሞ «ዋንጫውን ያመጣነው እኛ ነንና ማን ይነካናል» ስንል ሁለት ስብሰባ በጭቅጭቅ አለቀ። በሃያ ሁለት ዓመታችን ሸመገልን ማለት ነው!

ጌሬቪች በሃያ ሁለት ዓመቱ ገና መጀመሩ ነበር። የተወለደው በ1910 ነው (ዓመቶቹን በኤውሮጳ አቈጣጠር እንጠራለን)፤ በ1932 በሎስ አንጀለስ ከአገሩ ቡድን ጋር የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ።

ጎራዴ ስንል የአያቶቻችን ዓይነት ማለታችን አይደለም። ቀጭንና የማይቈርጥ ብረት ነው። ተጋጣሚዎቹ ፊታቸውን በሽቦ መረብ ጭምብል ይሸፍናሉ፤ በጫፉም በስለቱ በኩልም መንካት ይፈቀዳል፤ የሚቈጠረው ግን ከወገብ በላይ የነካው ብቻ ነው። ዛሬ መንካት አለመንካቱን የኤሌክትሪክ መብራት ይናገራል። በጌሬቪች ዘመን በጎራዴ ግጥሚያ ይህ መብራት አልነበረም፤ አራት ዳኞች ዙሪያውን ቆመው በዓይናቸው እያዩ ለሰብሳቢው ይመሰክሩ ነበር። ነገሩ የሚያልቀው በዓይን ጥቅሻ ፍጥነት ስለ ሆነ ዳኛውም ተጫዋቹም መከራቸውን ያዩ ነበር።

በ1936 በርሊን ላይ ቡድኑ እንደገና አሸነፈ፤ ጌሬቪችም በግል ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። የ1940ና የ1944 ኦሊምፒኮች ቀሩ፤ ለአንድ ስፖርተኛ የጉልበቱ ዘመን የሆኑት ከሠላሳ እስከ ሠላሳ አምስት ያሉት ዓመታት እንዲሁ አለፉበት። ከጓደኞቹ የሆነባቸው ግን ከዚህ የከፋ ነው። በ1932 አብሮት ወርቅ ያገኘው አቲላ ፔትሻወር አይሁዳዊ በመሆኑ ለግዳጅ ሥራ ተወስዶ በ1943 ሞተ። የ1936ቱ የግል ሻምፒዮን እንድሬ ካቦሽም በ1944 በቡዳፔስት የማርጊት ድልድይ ሲፈነዳ ሕይወቱ አለፈ። ከጦርነቱ በኋላ ጎራዴውን ሲያነሣ የማንን ባዶ ቦታ እያየ እንደ ነበረ እንግዲህ መገመት ነው።

በ1948 በለንደን በቡድንም በግልም አሸነፈ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። በግል ወርቅ ያገኘበት ኦሊምፒክ ይህ አንዱ ብቻ ነው። በ1952 በግል ሁለተኛ ሆነ፤ የበለጠው የገዛ ቡድኑ ጓደኛ ፓል ኮቫች ነበር። በ1956 የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት በገቡ ማግስት ሀንጋሪዎቹ ወደ ሜልቦርን ሄደው ያንኑ የቡድን ወርቅ ወሰዱ።

ወደ ጠባችን የሚያደርሰን የ1960ው ነገር ነው። የአገሩ የስፖርቱ ሹማምንት «አርጅተሃል፤ ወደ ሮም አትሄድም» አሉት ይባላል። ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? እኛ ብንሆን ሜዳሊያዎቻችንን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አቤቱታ እንጽፍ ነበር። እሱ ግን የቡድኑ ተጫዋቾች አንድ በአንድ እንዲገጥሙት ጠየቀ፤ ሁሉንም አሸነፈ፤ ሄደ። ሮም ላይ ሀንጋሪ አንደኛ፣ ፖላንድ ሁለተኛ፣ ኢጣሊያ ሦስተኛ ሆኑ። የጌሬቪች ዕድሜ ሃምሳ ነበር፤ አጠገቡ የተሰለፈው ኮቫች አርባ ስምንት። ይህ ያ የኛ ኦሊምፒክ ነው፤ አበበ ቢቂላ በእንቍጣጣሽ ዋዜማ፣ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 በኛ አቈጣጠር፣ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ያሸነፈበት።

ስድስት የቡድን ወርቅ፣ አንድ የግል፤ ከብሩና ከነሐሱ ጋር ዐሥር ሜዳሊያ። ይህን ቍጥር ሰምቶ መደነቅ ቀላል ነው። እኛን የገረመን ግን ያ ሰው የዱሮውን ወርቅ እንደ ዋስ አለማቅረቡ ነው። ከሁሉ በላይ ተሰሚነት ያለው እሱ ሳለ እንደ ጀማሪ ልፈተን አለ። ለወጣቶቹም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ «ሽማግሌው ይቅር» ብሎ ከማውራት ወጥቶ ከሽማግሌው ጋር ጎራዴ መማዘዝ ሌላ ነው።

መምህሮቻችን ፈገግ ስትሉ እናያለን፤ ለእናንተ የተነገረ አይደለም። እኛ አራተኛ ዓመቶች ግን ትናንት ማታ ተነጋግረን «ማንም አይነካንም» ያልነውን ቃል አንሥተናል። የፊታችን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሁለቱ ጠረጴዛዎች ይዘረጋሉ፤ ስማችንን ከአንደኛ ዓመቶቹ ስም በታች ጽፈናል። ዳኞቹ ከሌላ ክበብ ይሁኑ። ማጫወቻዋ ኳስ አንዲት ብቻ ስለ ቀረች፣ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።