የባሮ ዳርቻ፤ በጋምቤላ ከተማ መሃል የሚገኝ የሕዝብ ጥላ



ከደጋው ተነሥቶ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ጋምቤላ ግን ከ530 ሜትር አትዘልም። መንገደኛው የከተማውን መሃል አልፎ ወደ ባሮ ዳርቻ ሲያቀና ሁለተኛ ተቀባይ ያገኛል፤ ይኸውም ጥላ ነው። ማንጎውና ሌላው ትልልቅ ዛፍ ከወንዙ አጠገብ ቆሞ፣ ፀሐይ ያደከመውን ሁሉ ብሔሩንና ቋንቋውን ሳይጠይቅ ያስጠልላል። አኝዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ከደጋ የመጣው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛው በዚያ ይገናኛሉ፤ ዓሣ ይጠመዳል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ሕፃናት ይዋኛሉ፣ ሲመሽም ሕዝቡ ነፋስ ሊቀበል ይወጣል።

ይህ ዳርቻ እንዲያው የመዝናኛ ሥፍራ ብቻ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አካባቢ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቅዶ ነበር። ውሉ የመሬቱን ልክ ለይቶ ወስኗል፤ የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ይላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ።

የመሐንዲስ ዓይን እነዚህን ቁጥሮች ሳያሰላ አያልፋቸውም። 400 ሄክታር ለ2,000 ሜትር ቢካፈል፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጥልቀት ሌላ 2,000 ሜትር ይሆናል። ከዚያ ሁሉ መሬት ግን ንግዱን ያስገኘው ውሃውን የሚነካው ጠርዝ ነበር። ከጎሬና ከአካባቢው በበቅሎ የወረደው ቡና የሚጫነው በዚያ ጠርዝ ነው። በ1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት አጋማሽ የሱዳን ምድር ባቡር መርከቦች በክረምቱ ወራት በየወሩ ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር። ከካርቱም ያለው ርቀት 1,366 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ቁልቁል ለመውረድ 7 ቀን፣ ሽቅብ ለመውጣት 11 ቀን ይፈጅ ነበር። ይህም በቀን በአማካይ ሲታሰብ መውረጃው 195፣ መውጫው 124 ኪሎ ሜትር ነው። ውሃው ሲጎድል መርከብ አይመጣም፤ ጣቢያውም ቀጣዩን ክረምት ይጠብቃል። የሰውን የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው ወንዙ ነበር ማለት ነው።

የኪራዩ ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የተወሰነ ስለነበር፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታገኝ ውሉ መሠረቱን አጣ። በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያም ሥፍራው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የመርከቡ አገልግሎት ከጊዜ በኋላ ቀረ፤ ዕቃውም በመኪና መጓዝ ጀመረ። ቀድሞ በውል የተለካው ዳርቻ ዛሬ ሕዝቡ ያለ ኪራይ የሚቀመጥበት ሆነ። ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠው ትርፍ ምናልባት ይህ ነው።

ነገር ግን ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚሸረፈው ክፍት መሬት ነው። ባለቤቱ ሕዝብ የሆነ ቦታ አጥር ስለሌለው ባለቤት የሌለው ይመስላል። ዛሬ አንድ መጋዘን፣ ነገ አንድ ምግብ ቤት ወደ ውሃው ቢጠጋ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን ከተማው ከወንዙ ይለያል። በዚህም ላይ ዳርቻው ራሱ ሕያው ነው። ክረምት የሞላው ውሃ ሥሩን ይቦረቡረዋል። ወንዙ ፈጥኖ ሲጎድል ደግሞ ውሃ የጠገበው አፈር የሚደግፈውን የውሃ ግፊት አጥቶ ይናዳል። ስለሆነም ጠርዙ ላይ የሚሠራ ሕንፃ ለሕዝቡ መንገድ ከመዝጋቱም ሌላ የራሱን መሠረት ለአደጋ ያጋልጣል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ዳርቻው በሙሉ በኮንክሪት ይገንባ የሚል ሰው ቢኖር፣ ጥላውንም የዓሣ አጥማጁንም መውረጃ አብሮ ማጥፋቱን ያስብ። ውሃው በኃይል በሚመታበት ኩርባ በሽቦ መረብ የታሠረ ድንጋይ ቢደረደር፣ በቀረው ሥፍራ ሣርና ሥሩ የሚይዝ ቁጥቋጦ ቢተከል ይበቃል። ትልልቁ ዛፍ ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ ይተከል፤ ሥሩ የተቦረቦረ ዛፍ ሲወድቅ አፈሩንም ይዞ ይወርዳልና። የጎርፍ ቦዮች መውጫ እስከ ውሃው ድረስ በድንጋይ ይነጠፍ። ለሴቶቹና ለሕፃናቱ የማያዳልጥ ደረጃ ይሠራ። የየዓመቱ ሙላት የደረሰበት ከፍታ የሚመዘገብበት የውሃ መለኪያ ዘንግም ይቁም፤ ያለ መዝገብ የሚነደፍ ሥራ ግምት ነውና። ከሁሉም በፊት የሕዝቡ ይዞታ ወሰን በከተማው ፕላን ላይ በግልጽ ይሰመር።

የ1894ቱ ውል ለባዕድ ነጋዴ የወንዙን ዳር በሜትር ለክቶ ሰጥቷል። ለገዛ ሕዝቡም ያንኑ ዳር በሜትር ለክቶ ማስጠበቅ ከዚያ የሚያንስ ሥራ አይደለም። ቀያሹ መሣሪያውን ሲተክል፣ ነዳፊው እርሳሱን ሲያነሣ፣ በባሮ ዳር ከማንጎው ጥላ ሥር የተቀመጡትን ሰዎች ያስታውስ። መነሻ ነጥቡ እዚያ ነው።