የአደን ጥይት በዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪ በኩል ወደ መርሐ ቤቴ የሚወስደው መንገድ ለሚን አልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ የሰሜን ሸዋ ደጋ ጫፍ ጠመንጃና ዝናር ከንብረትም ከጌጥም በላይ ክብር ያላቸው ነገሮች ናቸው። ዝናር የታጠቀ ሰው ስንት ጥይት እንደያዘ ሳያይ በእጁ ዳብሶ ያውቃል። ልማዱም ሥር የሰደደ ነው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ መገበያያ ሆኖ ያገለግል ስለነበረ፣ ጥይትን ሳይቆጥሩ መያዝ ገንዘብን ሳይቆጥሩ እንደመያዝ ነበር።

ያው ጥይት ከዝናር ወጥቶ ወደ አውሮፕላን ሲገባ ግን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። የአየር ጉዞ ደንብ ጥይትን ይመዝናል፤ የአገሮች ሕግ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ይቆጥራልም። መንገደኛው አንዱን አሟልቶ ሌላውን ቢዘነጋ ከጉዞው ይስተጓጐላል፤ ከዚያም ሲያልፍ ለክስ ይዳረጋል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር፣ ሁለቱ መለኪያዎች ከቤት ሳይወጡ በፊት አንድ ላይ መሟላት እንዳለባቸው ማስረዳት ነው።

አስተሻሸግ ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን የሚያስገነዝብ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1973 የፓን አሜሪካን የጭነት አውሮፕላን ቦስተን ላይ ሊያርፍ ሲል ተከስክሶ ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ከጭነቱ መካከል በእንጨት ሣጥንና በሰጋቱራ የታሸጉ የናይትሪክ አሲድ ጠርሙሶች ይገኙ ነበር። አሲዱ ፈስሶ ሰጋቱራውን ሳያቀጣጥለው እንዳልቀረ፣ የአብራሪዎቹንም ክፍል የሞላው ጢስ ከዚያ ሳይመጣ እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ገለጡ። ዕቃው ጥይት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለጥይትም ይሠራል። በምድር ላይ በግዴለሽነት የታሸገ ዕቃ በሰማይ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማረም ጊዜ አይገኝም። ከዚህ አደጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ምክር ቤት አደገኛ ዕቃዎችን በአየር ስለማጓጓዝ የሚደነግገውን የቺካጎ ስምምነት 18ኛ አባሪ አጸደቀ፤ አባሪውም በ1984 ሥራ ላይ ዋለ።

በዚህ ሥርዓት መሠረት ፈንጂነት ያላቸው ዕቃዎች በየደረጃው ተከፍለዋል። ተራ የአደን ጥይት የሚመደበው በ1.4 ኤስ ሲሆን፣ መለያ ቁጥሩ ተ.መ.ድ. 0012 ነው፤ እርሳስ የሌለው ባዶ ተኩስ ጥይት ደግሞ 0014 ተብሎ ይታወቃል። የዚህ ክፍል ትርጉም፣ ጥይቱ በድንገት ቢፈነዳ ጉዳቱ ከማሸጊያው አልፎ የማይሄድ ማለት ነው። ከበርሜል ውጭ የፈነዳ ጥይት ቀለሁ ይሰነጠቃል፣ ስብርባሪው ይፈናጠራል እንጂ እርሳሱ ከጠመንጃ እንደተተኮሰ አይጓዝም። ስለዚህም ለዚህ ደረጃ ያበቃው የጥይቱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ማሸጊያው ጭምር ነው። ማሸጊያው ከጐደለ ደረጃው የቆመበት ምክንያት ይፈርሳል።

ለመንገደኞች የተፈቀደው ወሰን የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ጥይት የሚጫነው አየር መንገዱ አስቀድሞ ሲፈቅድ፣ በተመዘገበ ሻንጣ ብቻ ነው። በእጅ ሻንጣም ሆነ በኪስ አይያዝም።

2ኛ/ መጠኑ ለአንድ ሰው ማሸጊያውን ጨምሮ ከ5 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ባልና ሚስት አብረው ቢጓዙም የሁለቱን ድርሻ በአንድ ማሸጊያ ማጠቃለል አይፈቀድላቸውም።

3ኛ/ የሚፈነዳ ወይም እሳት የሚለኩስ እርሳስ ያለው ጥይት ክልክል ነው። በጥይት ውስጥ ያልታሸገ ባሩድም በሻንጣ አይጫንም።

4ኛ/ ጥይቱ ለመንገደኛው ለራሱ መገልገያ መሆን አለበት።

ስለ አስተሻሸጉ ከሁሉ የሚሻለው የፋብሪካው ሣጥን ነው። እያንዳንዱ ጥይት በየራሱ ጉድጓድ ስለሚቀመጥ፣ በቀለሁ መቀመጫ መካከል ያለውን እሳት አስነሺ ክፍል ሌላ ነገር አይመታውም። ይህ ሣጥን እንዳይከፈት ታስሮ፣ ጠንካራና የሚቆለፍ ሌላ ሣጥን ውስጥ ይገባል። በዝናር ላይ፣ በካዝና ውስጥ ወይም በጨርቅ ከረጢት እንደ ሽምብራ የተበተነ ጥይት በሚገባ ታሽጓል አይባልም። ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱ ተረጋግጦ ለብቻው ይቆለፋል። አንዳንድ አየር መንገዶች ጥይቱን ከጠመንጃው ጋር በአንድ ሣጥን ሲቀበሉ ሌሎች ስለማይቀበሉ፣ ለየብቻ ማሸግ ይመረጣል።

ሒሳቡንም ማስላት ይገባል። እርሳሱ ብቻውን 19 ግራም ያህል የሚመዝን የ.375 ጥይት በሙሉ ክብደቱ ከ40 እስከ 45 ግራም ይሆናል። እንግዲህ 100 ጥይት ከነሣጥኑ እስከ ወሰኑ ጫፍ ይደርሳል። አንድ እንስሳ ለማደን ለሚሄድ ሰው ግን የዚህ እኩሌታ እንኳ ከበቂ በላይ ነው።

ከላይ በ4ኛ የተጠቀሰው ደንብ በአገራችን ልዩ ትኩረት ይሻል። ከውጭ አገር የሚመለስ የለሚ ልጅ ለአጎቱ ከጥይት የበለጠ የሚያስደስት ስጦታ የለም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ ስጦታ ለራስ መገልገያ ስላልሆነ፣ ማሸጊያው ቢያምርና ክብደቱ ከ5 ኪሎ ግራም በታች ቢሆንም ደንቡን ይጥሳል። ከዚህም በላይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት ወንጀል ነው። በዚህ ምክንያት አጎቱን ያከበረ መስሎት ራሱንም አጎቱንም ለመከራ ይዳርጋል።

በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን ለማደን ወደ ባሌና ወደ አርሲ የሚመጣ የውጭ አገር አዳኝም ቢሆን ቦሌ ሲደርስ የአደን ፈቃዱንና የመሣሪያ ፈቃዱን አሟልቶ መገኘት አለበት። በመካከል አውሮፕላን የሚቀይርበት አገርም የራሱ ሕግ አለው። ለምሳሌ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚገባ አዳኝ ለአንድ ጠመንጃ ከ200 ጥይት በላይ ማስገባት አይፈቀድለትም፤ እንደ .375 ላለ ከባድ ጥይት ግን የአየር ደንቡ 5 ኪሎ ግራም ከዚያ አስቀድሞ ያግደዋል።

በመጨረሻም፣ ብዙ ችግር የሚያመጣው የታሸገው ሳይሆን የተረሳው ጥይት ነው። ለአደን በዋለ ኮት ኪስ ወይም በከረጢት ስፌት ሥር የቀረች አንዲት ጥይት በፍተሻ ላይ ስትገኝ፣ ባለቤቷ ንጹሕ መሆኑን ለማስረዳት በረራው አይጠብቀውም። ስለሆነም በሚዛን ፊት የሚቆም ባልደረባ መንገደኛውን «ጥይት ይዘዋል ወይ?» ብሎ ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ፣ «ይህ ሻንጣ ከዚህ ቀደም ለአደን ውሎ ያውቃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው ይመረጣል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰው የሚያስታውሰውን ይመልሳል፤ ሁለተኛው ግን የረሳውን እንዲፈልግ ያደርገዋል። ይህች አጭር ጥያቄ መንገደኛውን ከእስር፣ ባልደረባውንም ከኀላፊነት ታድናለች።