ርካሹ ይሰበር፣ ውዱ ይትረፍ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)







የልማት ሠራተኛ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ እንዲናገር ይጠበቃል። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ከጣት ስለማትበልጥ አንዲት ብረት ነው። በመውቂያ ማሽኖቻችን ላይ ካቴና የሚያርፍበት ባለጥርስ ክብ ብረት አለ፤ መካኒኮች ስፕሮኬት ይሉታል። ይህ ስፕሮኬት ከዘንጉ ጋር በምን ይያያዛል? በትንሽ የብረት ሽብልቅ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም የአንድን ቀበሌ አዝመራ ሲያበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት በኅዳር ወር ነው። በምሠራበት ቀበሌ ያለው ማኅበር የማሽላ መውቂያ ነበረው። ሥራ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ እየሠራ ከበሮው ቆመ። ሽፋኑን ስንከፍት ስፕሮኬቱ በዘንጉ ላይ ባዶውን ይዞራል፤ ሽብልቋ ተቆርጣለች። መለዋወጫ አልነበረንም። ወረፋ የያዘው አርሶ አደር ብዙ ነው፤ ሰማዩም ደመና ቋጥሯል። ያን ጊዜ “በየዳ ይሁን፣ እንገላገል” ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ማሽኑ በዚያው ዕለት ተነሣ፤ እኔም ተመሰገንኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ከስፕሮኬቱ ጎን ያለው ኩሽኔታ ይጮህ ጀመር። ለካስ ብየዳው ሲካሄድ ኮረንቲው በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ጎድቶታል። ኩሽኔታውን ለመቀየር ስፕሮኬቱ መውጣት አለበት፤ ስፕሮኬቱ ደግሞ ከዘንጉ ጋር አንድ አካል ሆኗል። ቆርጠን ልናወጣው ስንሞክር ዘንጉ ተበላሸ። አዲስ ዘንግ እስኪቀረጽ ስንጠብቅ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለና ያልተወቃው ክምር ረጠበ። ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ክምራቸውን ገልጠው የሻገተ ማሽላ በእፍኛቸው አሳዩኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ መካኒክ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳሁ። አባባ ሳቁና “ልጄ፣ ሽብልቋ እኮ የተሠራችው እንድትሰበር ነው። ርካሹ ይሰበር፣ ውዱ ይትረፍ” አሉኝ። እኔ የያዝኩት ዲፕሎማ የእርሻ ነው፤ የመካኒክነቱን ትምህርት ያገኘሁት ከእኚህ ሰው ነው።

ሽብልቋ የምትሸከመውን ጭነት በቁጥር ላሳያችሁ። ሞተሩ 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ቢሆን፣ ዘንጉ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር፣ በዘንጉ ገጽ ላይ ሽብልቋን የሚገፋት ኃይል ወደ 650 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህም ስድስት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። ከበሮው በአገዳ ሲታነቅ ደግሞ ከዚህም በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚሰበር ነገር የግድ አለ፤ ሽብልቋ ካልተቆረጠች ዘንጉ ይጣመማል፣ ወይም የስፕሮኬቱ ጥርስ ይረግፋል።

የእኛ ከተማ ለዚህ ዕውቀት እንግዳ አይደለችም። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው፤ የባቡሩ መጠገኛም እዚሁ ነበር። የባቡር መንኮራኩር እንኳ ከዘንጉ ጋር አይበየድም። ቀዳዳው ከዘንጉ በጥቂቱ ጠበብ ተደርጎ ይቀረጽና በከባድ መጫኛ ተገፍቶ ይገባል፤ ሲያረጅም በዚያው መንገድ ይወጣል። በሌላ አገርም ረግረግና ውሃ የሚያቋርጡ ባለ 6 እና ባለ 8 ጎማ ተሽከርካሪዎች አሉ፤ በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚሠራው አርጎ አንዱ ነው። የእነዚህም ዘንጎች የሚዞሩት በስፕሮኬትና በካቴና ነው። ውሃ መካከል ስፕሮኬት ቢላቀቅ ጋራዥ የለም። ከከተማ ርቆ ባለ ዐውድማም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች ማኅበሮቻችን ሥራዬ ብለው እንዲይዟቸው እጠይቃለሁ፤

1ኛ. የሽብልቋ ስፋት የዘንጉን ውፍረት ሩብ ያህል ይሁን። ለ30 ሚሊ ሜትር ዘንግ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትበቃለች። በዘንጉም በስፕሮኬቱም ቦይ ውስጥ ሳትወላወል ትቀመጥ። በሚስማር ወይም በቆርቆሮ ቁራጭ መተካት አይገባም።

2ኛ. ማጥበቂያ ቡሎን ስፕሮኬቱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዛል እንጂ ጭነቱን አይሸከምም። ያለ ሽብልቅ በቡሎን ብቻ የታሰረ ስፕሮኬት ዘንጉን ይፍቃል።

3ኛ. ስፕሮኬቱ በተቻለ መጠን ለኩሽኔታው ቀረብ ይበል። ወደ ዘንጉ ጫፍ በራቀ ቁጥር ካቴናው ዘንጉን ያጎብጠዋል።

4ኛ. ሁለቱ ስፕሮኬቶች በአንድ መስመር መሆናቸውን በተወጠረ ክር እንመልከት። በሁለቱ ዘንጎች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ ካቴናው መሐሉ ላይ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይላላ። ከዚህ በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላም ከጥርስ ላይ ይዘላል።

5ኛ. 1 ሜትር የነበረ ካቴና በ3 ሳንቲ ሜትር ከረዘመ አልቋል። ጥርሱ እንደ መንጠቆ የጎበጠ ስፕሮኬትም አልቋል። አዲስ ካቴና በአሮጌ ስፕሮኬት ላይ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው፤ ሁለቱ አብረው ይቀየሩ።

6ኛ. ስፕሮኬት ሲገባም ሲወጣም በመዶሻ አይደብደብ። ማውጫ መሣሪያ አለለት፤ በመዶሻ የተመታ ዘንግ ኩሽኔታውን ይጎዳል።

7ኛ. ሽፋኑ ሳይመለስ ሞተር አይነሣ። ነጠላና ሽርጥ ለብሰን ነው የምንሠራው፤ የሚዞር ዘንግ የልብስ ጫፍ ካገኘ ሰውን ለመጎተት ጊዜ አይወስድበትም። ሽብልቅ ትተካለች፣ እጅ ግን አይተካም።

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ አይደለም የጎደለን። ማሽን ስንገዛ ፎቶ እንነሣለን፤ የመለዋወጫ ሣጥን ግን አንጠይቅም። በመሆኑም ለዩኒየናችን አመራር፣ ከእንግዲህ ማሽን ሲገዛ ሽብልቅ፣ ካቴናና ኩሽኔታ አብረው እንዲገዙ በውሉ ላይ ይጻፍ እላለሁ። ለማኅበራት፣ ከአባላቶቻችሁ መካከል ሁለት ሰዎች ማሽኑን በኃላፊነት ይረከቡ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲኖር። ክቡራን ኃላፊዎችም፣ በከተማችን ያሉ የቶርኖ ቤቶችና ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ከአዝመራ በፊት ለወጣቶቻችን ሥልጠና የሚሰጡበት መንገድ እንዲመቻች በትሕትና እጠይቃለሁ። እጃቸው ላይ ያለው ዕውቀት ሳይተላለፍ እንዳይቀር እፈራለሁ።

የእኛ ማኅበር አሁን ከመውቂያው ጎን አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ሰቅሏል። ውስጧ አሥር ሽብልቆች አሉ። ባለፈው አዝመራ ሁለቱ ተቆረጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ተፈልቶ ሳይጠጣ ማሽኑ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኚያ እናትም ማሽላቸውን በጊዜው ወቅተው አስገቡ።