ትንሽ ኃይል ላለው አምፕሊፋየር የሚስማማው ስፒከር የትኛው ነው?

(በሙዚቃ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ስሕተታችን ለመናገር ነው። ስሕተቱ ገንዘብ አስወጥቶናል፤ ጓደኝነታችንንም ለጥቂት ጊዜ አደፍርሶት ነበር። ነገር ግን የተማርንበት ትምህርት ከኪሳራው ስለሚበልጥ፥ ሌላው ተማሪ ያለ ኪሳራ እንዲያገኘው አስበናል።

እንደምታስታውሱት ክበባችን ሸክላ ማዳመጫ ዕቃ ለመግዛት ከየአባሉ መዋጮ ሰብስቦ ነበር። በገንዘቡም ባለ አምፖል አምፕሊፋየር ገዛን። የሬዲዮ አምፖሉ 2ኤ3 የሚባለው ሲሆን፥ ለግራውና ለቀኙ ድምፅ አንድ አንድ ብቻ ስለ ተደረገለት በየወገኑ የሚሰጠው ኃይል 3 ዋት ተኩል ያህል ነው። ከዚያም በትናንሽ የታሸጉ ሣጥኖች የተሠሩ ሁለት አሮጌ የቤት ስፒከሮች አግኝተን ቀጠልንለት። ዘፋኙ ብቻውን ሲዘፍን ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ከበሮውና ጡሩምባው ሲገቡ ግን ሻከረ፥ ታፈነ። ከኋላ የተቀመጡትም አልሰማንም አሉ። ከፊላችን «አምፕሊፋየሩ ብልሹ ነውና ይሸጥ» አልን፤ ከፊላችን «ስፒከሩ አርጅቷልና ይጣል» አልን። «መዋጯችን ይመለስልን» እስከ ማለት የደረሱም ነበሩ።

እውነቱ ግን ሁለቱም ዕቃዎች ደኅና ነበሩ። ጥፋቱ የጥማዱ ነበር። ወይፈን ከጎልማሳ በሬ ጋር ቢጠመድ ቀንበሩ ይዘማል እንጂ፥ ከሁለቱ አንዱ በሽተኛ ነው አይባልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስፒከር 1 ዋት ኃይል ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሰማው ድምፅ በዴሲቤል ይለካል። አንዱ ስፒከር 85፥ ሌላው 100 ዴሲቤል ቢሆን ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ድምፁን በ3 ዴሲቤል ከፍ ለማድረግ ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት። እንግዲህ 15 ዴሲቤል ማለት አምስት ጊዜ ማጠፍ፥ ይኸውም 32 እጥፍ ነው። ባለ 100ው በ3 ዋት የሚያሰማውን፥ ባለ 85ቱ ለማሰማት 96 ዋት ያህል ይፈልጋል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ፖል ክሊፕሽ በአርካንሳስ ግዛት በሆፕ ከተማ ሥራውን ሲጀምር፥ ክሊፕሽሆርን የተባለው ስፒከሩ በክፍሉ ማዕዘን ላይ ተቀምጦ ግድግዳዎቹን እንደ ጡሩምባ አፍ ይጠቀምባቸው ነበር። ከ100 ዴሲቤል በላይ ስለሚያሰማ ጥቂት ዋት ይበቃዋል፤ ነገር ግን ትልቅ ቁም ሣጥን ያህላል። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ኤድጋር ቪልቸር በማሳቹሴትስ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ፥ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ ሞላ በመጠቀም ወፍራሙን ድምፅ ከትንሽ ሣጥን አወጣ። ዋጋው ግን ኃይል ነበር፤ ትንሽ ሣጥንና ጥልቅ ድምፅ የፈለገ ሰው ብዙ ዋት መክፈል አለበት። በ1958 ዓ.ም. የስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ሲወጣ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ስፒከር ስላስፈለገው ትናንሾቹ ሣጥኖች ተስፋፉ። እኛም የገዛነው የዚህን ዓይነት ልጅ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ኦም ነው። ከባለ አምፖል አምፕሊፋየር ጀርባ ብዙ ጊዜ 4፥ 8፥ 16 የሚሉ የሽቦ ማሰሪያዎች አሉ። ከአሮጌዎቹ የእንግሊዝ ስፒከሮች ብዙዎቹ 15 ወይም 16 ኦም ሲሆኑ፥ የአሜሪካው ኤአር-3 ግን 4 ኦም ነው። ስለዚህ የስፒከሩን ጀርባ ሳያነቡ ማሰር አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። ባለ አምፖሉን አምፕሊፋየር ስፒከር ሳይታሰርበት አታብሩት፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ክዳኑንም አትክፈቱ፤ በውስጡ በመቶ የሚቈጠር ቮልት አለ፥ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊቈይና ሰው ሊገድል ይችላል።

እኛ በመጨረሻ ምን አደረግን? ትናንሾቹን ስፒከሮች ኃይለኛ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ላለው ሰው ሰጥተን፥ በለውጡ ቦታ የሚፈጁትንና እርሱ የሰለቹትን ሁለት ትላልቅ ባለ ጡሩምባ ስፒከሮች ወሰድን። ያ 3 ዋት ተኩል ዛሬ አዳራሹን ሞልቶ ታዳምጡታላችሁ። የሚያስደንቀው ግን፥ እኛ ልንጥላቸው የነበሩት ስፒከሮች በእርሱ ቤት እጅግ አምረው መሰማታቸው ነው።

እንግዲህ ዕቃ ስትገዙ «ስንት ዋት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከየትኛው ጋር ይጠመዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መዋጮ ይመለስ ያላችሁ ጓደኞቻችንም የፊተኛው ወንበር ተጠብቆላችኋልና ኑ፥ አብረን እናዳምጥ።