ሞተሩ ምት ሲዘል

ዛሬ ስለ ጭነት መኪና ሞተር እናነባለን። ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ እህል የምታስጭኑ ገበሬዎችና ነጋዴዎች፣ ነገሩ ሁላችሁንም ይነካል። ከባድ ቃል ስታገኙ ቆም በሉ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ጥሩት፤ ከዚያ ቀጥሉ። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የምነግራችሁ።

በግንቦት 2008 ዓ.ም. ከወንድሜ ጋር ጤፍ ጭነን ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወረድን። መኪናው የናፍጣ ነው፤ አራት ሲሊንደር አለው። ድልድዩን ተሻግረን የጎሐ ጽዮንን ዳገት ስንይዝ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ጋቢናው ተንቀጠቀጠ። ነጭ ጭስ ወጣ። ድምፁም ተለወጠ። ታ-ታ-ታ-ታ ይል የነበረው ሞተር ታ-ታ-እ-ታ፣ ታ-ታ-እ-ታ ማለት ጀመረ።

ምት ዘለለ ማለት ይህ ነው። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሥራውን ትቷል። አራት ሰው የተሸከመውን ቃሬዛ ሦስት ሰው ሲሸከመው፣ አራተኛው ደግሞ ቃሬዛው ላይ ሲወጣ ማለት ነው።

እንደምንም ዳገቱን ወጣን። በመንገድ ያገኘነው አንድ መካኒክ ጭሱን አየና «ፖምፓው ነው» አለ። ሌላ ምንም አልነካም። ወንድሜ ፖምፓውን አስፈትቶ አሠራ። ለዚያ ገንዘብ የእናታችን በሬ ተሸጠ። መኪናው ግን ያው ታ-ታ-እ-ታ።

እስቲ ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የቤንዚን ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ አለው። የናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ ካንዴላ የለውም። ሲሊንደር ውስጥ የገባውን አየር ፒስተኑ ወደ ላይ ይጨምቀዋል። አየሩ ከ15 እጥፍ በላይ ይጨመቃል። ሲጨመቅ ይግላል፤ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው መንፊያው እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል። በዚያ በጋለ አየር ላይ ኖዝል የሚባለው ዕቃ ናፍጣውን እንደ ጉም ይረጨዋል። ናፍጣው ይነዳል፤ ፒስተኑን ይገፋል። ይህን በመምህራን ማሠልጠኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ዳገቱ ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ ሲሊንደር አየር ይፈልጋል፤ መጨመቅ ይፈልጋል፤ በልኩና በሰዓቱ የተረጨ ናፍጣ ይፈልጋል። አንዱ ሲጎድል ምት ይዘላል። ፊልትሮው ከታፈነ ወይም ናፍጣው መስመር ውስጥ አየር ከገባ ግን ብዙውን ጊዜ ሞተሩ በሙሉ ይዋዥቃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ርካሹን ነገር እዩ፤ ፊልትሮውን፣ ናፍጣው ውስጥ ውሃ መኖሩን፣ የሚንጠባጠብ ቱቦን።

ጭስም ይናገራል፤ ብቻውን ግን አትመኑት። ጥቁር ጭስ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ይላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይነዳል ይላል። ነጭ ጭስ ብዙ ጊዜ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ነጭ ጭስ ከወጣ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍቱ። የፈላ ውሃ ፊት ይልጣል።

ወደ ወንድሜ መኪና ልመለስ። ሁለተኛው መካኒክ ሽማግሌ ናቸው። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ በማለዳ መጡ። መፍቻ አልያዙም፤ የያዙት አንድ ጣሳ ውሃ ነው። የወንድሜን ረዳት «ልጄ፣ መጻፍ ትችላለህ?» አሉት። ልጁ የማታ ትምህርት ጀምሮ ነበር። «ቁጥር እችላለሁ» አለ። «ቁጥር ይበቃል» አሉት። ካርቶን ቀደደና 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ጻፈ። 1 በማራገቢያው በኩል ያለው ሲሊንደር ነው።

ሞተሩ ተነሣ። በሚኒሞ ጥቂት ሠራ። ሽማግሌው ከየሲሊንደሩ ጭስ በሚወጣባቸው አራት የብረት ክንዶች ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አደረጉ። በ1 ላይ ቸስ አለና ደረቀ። በ2 ላይም ቸስ አለ። በ4 ላይም። በ3 ላይ ውሃው ዝም ብሎ ወረደ። እሳት ያልነደደበት ምድጃ እሱ ነው። ልጁ በ3 አጠገብ ጭረት አደረገ።

ከዚያ መፍቻ አነሡ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ዳዶ በየተራ ጥቂት አላልተው መልሰው አጠበቁ። 1ን ሲያላሉ ሞተሩ ይበልጥ ተንገዳገደ፤ ስለዚህ 1 ይሠራ ነበር። 2ም 4ም እንዲሁ። 3ን ሲያላሉ ምንም ለውጥ የለም። ናፍጣው ግን በዳዶው በኩል ይወጣል። ፖምፓው ናፍጣ እየላከ ነው እኮ! ወንድሜ ይህን ሲያይ ፊቱን አዞረ። በሬው ትዝ ብሎት ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የሚቀጥለውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ዳዶ ማላላት የመካኒክ ሥራ ነው፤ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ መነጽር አድርጎ፣ የድሮው ዓይነት ፖምፓ ባለው ሞተር ላይ ብቻ። በኮምፒውተር በሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ፈጽሞ አይደረግም። እነሱ በመመርመሪያ መሣሪያ ይታያሉ። በቱቧቸው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር ሊያልፍ ይችላል። የከባድ መኪና ጎማ እንኳ 7 ወይም 8 ባር ነው። ናፍጣው እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፤ እጅ እስከ ማስቆረጥ ግን ይደርሳል። ስለዚህ የሚያፈስ ቱቦ በእጃችሁ ዳብሳችሁ አትፈልጉ። ከወጋችሁም ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ፤ የወጋችሁ ናፍጣ መሆኑን ንገሩ።

ሽማግሌው ሞተሩን አጥፍተው የ3ን ኖዝል ወደ 2፣ የ2ን ወደ 3 አዛወሩ። ሞተሩ በርዶ እንደገና ሲነሣ፣ ቸስ ያላለው 2 ሆነ። ጥፋቱ ከኖዝሉ ጋር ሄዷል። እዚያው 3 ላይ ቢቀር ኖሮ መጨመቁ በመለኪያ ይታይ ነበር፤ ቫልቮላውና የፒስተኑ ቀለበቶችም ይጠረጠሩ ነበር። ኖዝሉ ሲፈታ ጫፉ መርጨት ትቶ ያንጠባጥባል።

«ታዲያ ይሄዳል እኮ» እያላችሁ እንዲህ ያለ መኪና አትንዱ። ያልነደደ ናፍጣ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። ወደ ታች ወርዶም የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሳትጨምሩበት ዘይቱ በመለኪያው ላይ ከፍ ካለ፣ ናፍጣ ናፍጣም ከሸተተ፣ ሞተሩን አጥፉት።

ካርቶኑን ረዳቱ አልጣለውም። ከቁጥሮቹ ሥር «3 ኖል፣ ሰኔ 4» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው አነበቡና «ዝ የት ሄደች?» አሉት። ልጁ ሳቀና በ«ኖ» እና በ«ል» መካከል ትንሽ «ዝ» ጨመረ።