ቀጠሮ አክባሪ ወዳጅ፦ በጎ ፈቃደኛ ክርስቲያኖችና የሰፈራችን ወጣቶች



«ለወጣቶቻችን ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ በየጉባኤያችን ይነሣል። መልሳችንም አብዛኛውን ጊዜ ስብከት እንጨምር፣ ሥልጠና እናዘጋጅ፣ አዳራሽ እናስፋ የሚል ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። እኔ ግን ከሁሉም መቅደም አለበት ብዬ የማምነውን ላቅርብ፦ እያንዳንዱ ወጣት በስሙ የሚጠራው፣ በተቀጣጠሩበት ቀን የሚገኝለት፣ ቶሎ የማይሰለቸው አንድ ትልቅ ሰው ከወላጆቹ ሌላ ያስፈልገዋል።

ይህን በተግባር ያሳዩ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ የፊላዴልፊያ ከተማ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ የነበሩት ዊልሰን ጉድ ገና ጎረምሳ ሳሉ አባታቸው ታስረውባቸው ነበር። በትምህርት ቤታቸው ለኮሌጅ እንደማይሆኑ ሲነገራቸው የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተርና የፓስተሩ ባለቤት ግን ትችላለህ እያሉ አበረታቷቸው፤ ምእመናኑም ገንዘብ አዋጥተው ላኳቸው። ጉድ ከተማዋን እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1992 በከንቲባነት ካገለገሉ በኋላ በስብከት አገልግሎት ተሰማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የተጀመረውንና «አማቺ» የተባለውን ፕሮግራምም መሩ። ፕሮግራሙ ወላጆቻቸው የታሰሩባቸውን ልጆች ከቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ጋር የሚያገናኝ ነው። ከየአጥቢያው የተጠየቀው አሥር አሥር ሰው ነበር። ከእያንዳንዱ ሰው የተጠየቀውም በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ነው። ሥርዓተ አምልኳቸው ከእኛ ይለያል፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል።

ይህን ያህል ትንሽ ጊዜ ምን ይለውጣል ትሉ ይሆናል። የአማቺ አጋር የሆነው ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ የተባለው ድርጅት አሠራር ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። ጥናቱ ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን 959 ልጆች ተከታትሏል። ልጆቹ በዕጣ ተለይተው ገሚሶቹ ወዲያው ታላቅ ወዳጅ እንዲያገኙ፣ የቀሩት ተራ እንዲጠብቁ ተደረገ። ከ18 ወራት በኋላ ወዳጅ እንዲያገኙ የተመደቡት ልጆች ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው በ46 በመቶ፣ መጠጥ የመጀመር ዕድላቸው በ27 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከትምህርት የመቅረታቸው ነገርም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ለልጆቹ ታላቅ ወዳጅ የሆኑት ሰዎች የሥነ ልቦና ሊቃውንት አልነበሩም። አብረው ኳስ የተጫወቱ፣ የተራመዱ፣ ከሁሉም በላይ ያዳመጡ ሰዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያንኑ መረጃ እንደገና ሲመረምሩ ትልቁን ጥቅም ያገኙት ግንኙነታቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ልጆች መሆናቸውን አዩ። በሦስት ወር ውስጥ በተቋረጠባቸው ልጆች ዘንድ ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ወርዶ ተገኘ። ነገሩ ለመረዳት አይከብድም። አባቱ የተለየው ልጅ አዲስ የመጣው ሰውም ሲጠፋበት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ በበዓል ሰሞን ስሜት ተነሣሥተን ጀምረን በጾሙ መካከል የምንተወው አገልግሎት ልጁን ይጎዳዋል። መጨረስ የማንችል ከሆነ አለመጀመራችን ይሻላል።

ወገኖቼ፣ የዚህ አገልግሎት መሠረት ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ሲጠመቁ ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት አብረው ይቆማሉ። ሕፃኑ አፍ ስለሌለው እነርሱ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው ስለ እርሱ ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ወደ ምሥራቅም ተመልሰው ስለ እርሱ ያምናሉ። ይህ ልጁን በሃይማኖትና በምግባር ለማሳደግ በእግዚአብሔር ፊት የተገባ ቃል ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ከክርስትናው ድግስ በኋላ ልጁን የምናገኘው በሠርግና በለቅሶ ነው። እንግዲህ ክርስትና ያነሣናቸውን ልጆች ቆጥረን እንፈልጋቸው። ፈላጊ ለሌላቸው የሰፈር ልጆችም ይህንኑ አደራ በፈቃዳችን እንውሰድ።

ለዚህ አደራ አርአያ አለን፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ልጄ ይለው ነበር። አብሮት ተጉዟል፣ ሥራ ሰጥቶታል፣ ስለ ጤናው ተጨንቋል፣ ወጣትነቱን ማንም እንዳይንቅበትም አሳስቦታል። የእምነቱን መሠረት የጣሉት አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ መሆናቸውንም አልዘነጋም። መካሪ የቤተሰብን ቦታ አይነጥቅም፤ ቤተሰብ የጀመረውን ያግዛል።

ለሥራው ጥቂት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከመናገር መስማት ይቅደም። ወጣቱ ስለ ፈተና ውጤቱ፣ ስለ ሥራ ማጣቱ፣ ስለ ስደት አሳቡ ሲያጫውተን ወዲያው ተግሣጽ ከጀመርን ሁለተኛ አይነግረንም። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። ሁለተኛ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድና ያለ አገልግሎቱ ኃላፊ ዕውቅና ማንም ከልጅ ጋር አይገናኝ። የፈቃደኛው ማንነት አስቀድሞ ይጣራ፤ ግንኙነቱም ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን። ልጅን ከጥቃት መጠበቅ ጥርጣሬ ሳይሆን የፍቅር ግዴታ ነው፤ ሥርዓቱም የታወቀና የተከበረ አገልጋይን ጭምር ይመለከታል። ሦስተኛ፣ ወዳጅነታችን በልጁ ማስቀደስና በመዝሙር ጥናት መገኘት አይለካ። ጫት ቤት የሚውለውን፣ ቤተ ክርስቲያን ከመጣ ዓመታት ያለፉትንም ሳንለይ እንውደድ። እምነታችንን እንዲያየው እንጂ የወዳጅነታችን ዋጋ አድርገን እንዳንጠይቀው እንጠንቀቅ። አራተኛ፣ ፈቃደኛውም ብቻውን አይተው። በየወሩ የሚሰበሰብበት፣ የከበደውን የሚያማክርበት አባት ይኑረው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ በመጪው መስከረም በአሥር ሰው ይጀምር። መቶ ሰው መዝግበን በኅዳር ከምንበተን አሥሩ ዓመቱን ቢጨርሱ ይበልጣል። የምትመዘገቡ ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት ሥራችሁን፣ ቤተሰባችሁን፣ ጉዟችሁን አስቡ። ቃል ከገባችሁ በኋላ ግን ዝናብም ቢሆን፣ ልጁ ባያመሰግናችሁም፣ ለውጥ ባታዩም በቀጠሮው ቀን ተገኙ። እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።